የተርሚናልን መልክ በኢስኬፕ ኮድ መቆጣጠር፦ የራሳችሁን ትንሽ ላይብረሪ ደረጃ በደረጃ

ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ። «የስህተት መልእክቱን ቀይ ላድርግ ብዬ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ቀይ ሆነብኝ፤ ምን ይሻላል?» ሌላው ደግሞ «የፕሮግራሜን ውጤት ወደ ፋይል ስልከው በየመስመሩ ቅንፍና ቁጥር ተሞልቶ አገኘሁት» ይለኛል። ሥሩ አንድ ነው፤ ቀለሙ ከጽሑፉ ጋር አብሮ የሚላክ ኢስኬፕ ኮድ የሚባል ትእዛዝ ነው። ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የምትሰጡበት መስኮት) የላካችሁለትን ትእዛዝ ይዞ ይቀጥላል፤ መቼ ማቆም እንዳለበት ግን ራሱ አያውቅም። ቧንቧ እንደመክፈት ነው፤ እስክትዘጉት ይፈሳል። ስለዚህ የምትሠሩት ላይብረሪ ትልቁ ሥራው ቀለም መክፈት አይደለም። የከፈተውን ሁሉ በጊዜው መዝጋት ነው።

የሚያስፈልጋችሁ

- ፓይተን 3። ኮዶቹ በየትኛውም ቋንቋ ያው ናቸው፤ ምሳሌዎቼ ግን በፓይተን ናቸው።
- ተርሚናል። ሊኑክስና ማክ ላይ ያለው ይበቃል። ዊንዶውስ ላይ ዊንዶውስ ተርሚናል የተባለውን ተጠቀሙ።
- ፋይል በዩቲኤፍ-8 የሚያስቀምጥ ኤዲተር።
- ሁለት የተርሚናል ገጽታዎች፦ አንድ ጥቁር ጀርባ ያለው፣ አንድ ነጭ። ሥራችሁን በሁለቱም ላይ ካላያችሁት ግማሹን ነው ያያችሁት።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኮዶቹ የሚያልቁት በላቲን ፊደል ነው፤ እኔ ፊደሉን በስሙ እጠራዋለሁ። «\033[31ኤም» ካልኩ «ኤም» ባለበት ቦታ ትንሹን የላቲን ኤም አስገቡ። ኤ፣ ቢ፣ ጄ እና ኬ ሁልጊዜ ትልልቆቹ ናቸው። ኤች ትልቅም ትንሽም ስላለው በየቦታው እናገራለሁ። ትልቅና ትንሽ ፊደል ለተርሚናል ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች ስለሆኑ እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

1. ኢስኬፕን በትክክል ጻፉ

እያንዳንዱ ትእዛዝ የሚጀምረው ኢስኬፕ በሚባለው የማይታይ ምልክት ነው። ቁጥሩ 27 ነው። በኦክታል 033፣ በሄክሳዴሲማል 1ቢ ይሆናል። ፓይተንና ሲ «\033» የሚለውን ይቀበላሉ። ረስት ኦክታሉን ስለማይቀበል ሄክሱን ጻፉ። ጃቫስክሪፕትም ቴምፕሌት ስትሪንግ ውስጥ አይቀበለውም።

ከኢስኬፑ ቀጥሎ «[» ይመጣል፤ ከዚያ በ«;» የተለያዩ ቁጥሮች፤ መጨረሻ ላይ አንድ ፊደል። ፊደሉ ምን እንደሚሠራ ይናገራል፤ ቁጥሮቹ ዝርዝሩን ይሰጣሉ። በመካከል አንድም ክፍት ቦታ አታስገቡ። ካስገባችሁ ተርሚናሉ ትእዛዙን በሌላ መልኩ ይረዳዋል፣ ወይም ቁርጥራጩን እንደ ተራ ጽሑፍ ያሳየዋል።

2. ቀለም አብሩ፣ ወዲያው አጥፉ

የቀለም ፊደል ኤም ነው። የፊደል ቀለም ከ30 እስከ 37 ይሄዳል፦ 30 ጥቁር፣ 31 ቀይ፣ 32 አረንጓዴ፣ 33 ቢጫ፣ 34 ሰማያዊ፣ 35 ማጀንታ፣ 36 ሳያን፣ 37 ነጭ። በእያንዳንዱ ላይ 10 ስትጨምሩ የጀርባ ቀለም ይሆናል፤ 60 ስትጨምሩ ደግሞ ደመቅ ያለው ዓይነቱ። 1 ደማቅ ጽሑፍ ነው፣ 2 ፈዛዛ፣ 4 ከስር መስመር፣ 7 የጀርባና የፊደል ቀለም ማለዋወጫ።

ሁሉንም በአንዴ የሚያጠፋው «\033[0ኤም» ነው። የመጀመሪያ ሙከራችሁ ይህ ይሁን፦

\033[31ኤምስህተት\033[0ኤም

እነዚህ ስምንት ቀለሞች በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይደሉም። ትክክለኛውን መልክ የሚወስነው ተጠቃሚው የመረጠው ገጽታ ነው። 34 በጥቁር ጀርባ ላይ ብዙ ጊዜ ለማንበብ ይከብዳል፤ 37 ደግሞ በነጭ ጀርባ ላይ ይጠፋል። ለዚህ ነው ሁለት ገጽታ ያስያዝኳችሁ።

ሰፋ ያለ ምርጫ ከፈለጋችሁ «\033[38;5;ቁጥርኤም» 256 ቀለም ይሰጣል። ከ16 እስከ 231 ያሉት በቀመር ይወጣሉ፦ 16 + 36 × ቀይ + 6 × አረንጓዴ + ሰማያዊ፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 5። ቀይ 5፣ አረንጓዴ 2፣ ሰማያዊ 0 ብትሉ 208 ይመጣል፤ እሱም ብርቱካናማ ነው። ከ232 እስከ 255 ግራጫዎች ናቸው። ለጀርባ 38ቱን በ48 ተኩ።

3. መክፈቻና መዝጊያን ጥንድ አድርጋችሁ ያዙ

ላይብረሪው እዚህ ይጀምራል። ፓይተን በግዕዝ የተጻፈ ስም ስለሚቀበል እንዲህ ማለት ትችላላችሁ፦

ቀይ = ("\033[31ኤም", "\033[39ኤም")
ሰማያዊ = ("\033[34ኤም", "\033[39ኤም")
ደማቅ = ("\033[1ኤም", "\033[22ኤም")
መስመር = ("\033[4ኤም", "\033[24ኤም")
ጀርባ_ቢጫ = ("\033[43ኤም", "\033[49ኤም")

መዝጊያው 0 ያልሆነበት ምክንያት አለው። 0 ሁሉንም ነው የሚያጠፋው። ቀይ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንድ ቃል ደማቅ አድርጋችሁ በ0 ብትዘጉ ቀዩም አብሮ ይጠፋል። 39 የፊደሉን ቀለም ብቻ ይመልሳል፣ 49 ጀርባውን ብቻ፣ 24 መስመሩን ብቻ። 22 ደማቁንም ፈዛዛውንም ይዘጋል። ደማቅን ለመዝጋት 21ን የሚጠቀም ኮድ ካያችሁ አትቅዱት፤ በብዙ ተርሚናሎች ላይ 21 ድርብ የስር መስመር ነው የሚያወጣው።

አሁን «ቀባ» የሚል ፋንክሽን ጻፉ፤ ጥንዱንና ጽሑፉን ተቀብሎ መክፈቻ፣ ጽሑፍ፣ መዝጊያ አድርጎ ይመልስ። አንድ ወጥመድ ይቀራል። ይህን ተመልከቱ፦

ቀባ(ቀይ, "ፋይሉ " + ቀባ(ሰማያዊ, ስም) + " አልተገኘም")

ሰማያዊው በ39 ሲዘጋ ቀለሙ የሚመለሰው ወደ ቀይ ሳይሆን ወደ ተርሚናሉ ነባር ቀለም ነው። «አልተገኘም» የሚለው ዋናው ቃል ቀለም አልባ ይቀራል። መፍትሔው ፋንክሽኑ ውስጥ አንድ መስመር ነው። ጽሑፉን ከመጠቅለላችሁ በፊት በውስጡ የራሳችሁ መዝጊያ ካለ «መዝጊያ + መክፈቻ» በሚለው ተኩት። የውስጡ እንደተዘጋ የውጪው እንደገና ይከፈታል።

4. የምትጽፉት ለተርሚናል መሆኑን አረጋግጡ

ፋይሉን በቅንፍና በቁጥር የሚሞላው ይህ ደረጃ ሲዘለል ነው። ኢስኬፕ ኮድ ትርጉም ያለው ተርሚናል ላይ ብቻ ነው። ፋይል ወይም ሌላ ፕሮግራም ኮዱን እንደ ተራ ባይት ይቀበለዋል። ከዚያ የፈለጋችሁትን ቃል ግሬፕ በተባለው የመፈለጊያ ትእዛዝ ስትፈልጉ፣ ቃሉ መሐል ኮድ ስላለ አታገኙትም።

ላይብረሪው ሲነሣ እነዚህን ይጠይቅ፦

- ውጤቱ የሚሄደው ወደ ተርሚናል ነው? ፓይተን ለዚህ ስታንዳርድ አውትፑት (የፕሮግራሙ ዋና መውጫ) ላይ «ኢዝኤቲቲዋይ» የሚል ፋንክሽን አለው። ስታንዳርድ ኤረርን (የስህተት መልእክት መውጫውን) ለብቻው ጠይቁ፤ አንዱ ወደ ፋይል ሄዶ ሌላው ተርሚናል ላይ ሊቀር ይችላል።
- «ኖ_ከለር» የተባለው የኤንቫይሮንመንት ተለዋዋጭ (ፕሮግራሙ ሲነሣ ከሲስተሙ የሚቀበለው ቅንብር) ባዶ ያልሆነ ዋጋ አለው? (ስሙ በትልልቅ የላቲን ፊደላት ይጻፋል።) ካለው ቀለም አትጠቀሙ። ተጠቃሚው አልፈልግም እያለ ነው።
- «ተርም» የተባለው ተለዋዋጭ «ደምብ» ይላል? ይህ ተርሚናል ኮዶቹን አያውቅም ማለት ነው።

አንዱ እንኳ እንቢ ካለ «ቀባ» ጽሑፉን እንዳለ ይመልስ። ምርመራውን በፋንክሽኑ ውስጥ ካስቀመጣችሁት የቀረው ፕሮግራም ስለዚህ ጉዳይ መጨነቅ የለበትም።

5. በአንድ መስመር ላይ የሚለዋወጥ መልእክት

ይህ ክፍል ረጋ ብላችሁ የምታነቡት ነው። ብዙ ሰው «\ር» በተባለው መመለሻ ምልክት ብቻ ይሞክራል፤ ቁጥሩ 13 ነው፣ በኦክታል «\015» ተብሎ ይጻፋል። ከርሰሩን (ቀጣዩ ፊደል የሚጻፍበትን ቦታ ጠቋሚ) ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይመልሰዋል፣ ግን ምንም አይሰርዝም። ስክሪኑ ላይ ይህ አለ እንበል፦

100 ፋይል ቀርቷል

ቀጣዩ መልእክት አንድ አሃዝ ያጥራል። በላዩ ላይ ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦

99 ፋይል ቀርቷልል

የመጨረሻው «ል» የአሮጌው መልእክት ትርፍ ነው። የሚያጸዳው «\033[ኬ» ነው፤ ከከርሰሩ እስከ መስመሩ ጫፍ ያለውን ይሰርዛል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መመለሻ፣ ጽሑፍ፣ ቀለም መዝጊያ፣ ከዚያ ኬ። ቀለሙን ከኬ በፊት ዝጉ ያልኩት በከንቱ አይደለም። ብዙ ተርሚናሎች ሲሰርዙ የሰረዙትን ቦታ በወቅቱ በተከፈተው የጀርባ ቀለም ይሞሉታል። ቢጫ ጀርባ ክፍት ከሆነ እስከ ስክሪኑ ጠርዝ የሚደርስ ቢጫ ጭረት ታያላችሁ።

ሦስት ነገሮች ጨምሩ።

ፕሪንት በራሱ አዲስ መስመር ስለሚጨምር «ኤንድ» የሚለውን ባዶ አድርጉት። ፓይተን ደግሞ ለተርሚናል ሲጽፍ አዲስ መስመር እስኪመጣ ጽሑፉን በፈር በሚባለው ጊዜያዊ ማቆያ ውስጥ ሊያቆየው ይችላል፤ ስለዚህ «ፍለሽ»ን አብሩ። «ምንም አይታይም፣ መጨረሻ ላይ በአንዴ ዱብ ይላል» የሚሉኝ ብዙዎች የሚያስፈልጋቸው ይህቺው ብቻ ናት።

መልእክቱ ከስክሪኑ ስፋት እንዳይበልጥ ቁረጡት። ከበለጠ ወደ ቀጣዩ መስመር ይታጠፋል። መመለሻው የሚወስዳችሁ ወደታጠፈው ክፍል መጀመሪያ ብቻ ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ እድሳት አንድ መስመር ትርፍ እየተከመረ ይሄዳል። ስፋቱን «ሹቲል» በተባለው ሞጁል ውስጥ ያለው የተርሚናል መጠን ጠያቂ ይሰጣችኋል። መጠኑ ሊታወቅ ካልቻለ 80 በ24 ብሎ ይመልሳል። ተጠቃሚው መስኮቱን ሊያጠበው ስለሚችል በየእድሳቱ ጠይቁት።

የሂደት መልእክትን ወደ ስታንዳርድ ኤረር ላኩ። ሰው ዋናውን ውጤት ወደ ፋይል ሲልክ ሂደቱን ተርሚናል ላይ እያየ ይጠብቃል፣ ፋይሉም ንጹሕ ይሆናል።

6. ብዙ መስመሮችን ማደስ

«\033[3ኤ» ከርሰሩን ሦስት መስመር ወደ ላይ ይወስዳል። ቢ ወደ ታች፣ ትልቁ ሲ ወደ ቀኝ፣ ትልቁ ዲ ወደ ግራ። ሦስት መስመር የሂደት ማሳያ ካላችሁ ሦስት መስመር ወደ ላይ ውጡ፤ እያንዳንዱን መስመር ጽፋችሁ በኬ አጽዱ፣ አዲስ መስመር ላኩ።

እዚህ አንድ ስውር ስህተት አለ። ቁጥሩ 0 ሲሆን ተርሚናሉ እንደ 1 ነው የሚቆጥረው። «\033[0ኤ» አንድ መስመር ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ወደ ላይ የመውጫ ፋንክሽናችሁ ቁጥሩ 0 ከሆነ ምንም አይላክ።

ቦታ ለማስታወስ «\0337»፣ ለመመለስ «\0338» አለ። ቅንፍ የላቸውም። ግን የሚያስታውሱት የስክሪኑን ቦታ እንጂ ጽሑፉን አይደለም። በመሐል ስክሪኑ ወደ ላይ ከተሳበ የምትመለሱት ሌላ መስመር ላይ ነው። ለሂደት ማሳያ ወደ ላይ መቁጠር ይሻላል።

7. ሙሉ ስክሪን መያዝ

ጨዋታ ወይም ዳሽቦርድ ከሆነ የምትሠሩት ሁለተኛውን ስክሪን ክፈቱ፦ «\033[?1049» ከዚያ ትንሹ ኤች። ስትወጡ በትንሹ ኤል ዝጉት። ተጠቃሚው ቀድሞ የነበረው ሁሉ ሳይነካ ተመልሶ ይመጣል። ቪም የተባለው ኤዲተርም እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ከርሰሩን ለመደበቅ «\033[?25» ከትንሹ ኤል ጋር፣ ለማሳየት ከትንሹ ኤች ጋር።

ወደ አንድ ቦታ ለመሄድ «\033[ረድፍ;ዓምድ» ከዚያ ትልቁ ኤች። መጀመሪያ ረድፍ፣ ቀጥሎ ዓምድ ነው፤ ቆጠራው ከ1 ይጀምራል። የፓይተን ዝርዝር ከ0 ስለሚጀምር ላይብረሪው ራሱ 1 ይደምር። የመጠን ጠያቂው ደግሞ በተቃራኒው ዓምድን አስቀድሞ ረድፍን አስከትሎ ነው የሚሰጠው። ሁለቱን አታምታቱ።

ስክሪኑ ብልጭ ድርግም የሚለው በየእድሳቱ «\033[2ጄ» ብላችሁ ሁሉንም ስለምታጠፉ ነው። ዓይን ባዶውን ስክሪን ያያል። ይልቅ በትልቁ ኤች ብቻ ወደ ላይኛው ጥግ ሂዱ፣ እያንዳንዱን መስመር በላዩ ላይ ጽፋችሁ በኬ ጨርሱ፣ መጨረሻ ላይ «\033[ጄ» ብላችሁ የቀረውን አጽዱ። ሁሉንም በአንድ ስትሪንግ አጠራቅሙና በአንዴ ላኩት።

8. በየትኛውም መንገድ ብትወጡ አጽዱ

የደበቃችሁት ከርሰር ፕሮግራሙ ቢሞትም እንደተደበቀ ይቀራል። ስለዚህ መክፈቻውን ከ«ትራይ» በፊት፣ መዝጊያዎቹን ሁሉ «ፋይናሊ» ውስጥ አድርጉ፦ ቀለም 0፣ ከርሰር አሳይ፣ ሁለተኛውን ስክሪን ዝጋ። ኮንትሮልና ሲ ሲጫኑ ፓይተን ኤክሴፕሽን ስለሚያነሣ ፋይናሊው ይሠራል። «ሲግተርም» የተባለው የመዝጊያ ሲግናል ሲላክ ግን ፓይተን ፋይናሊውን ሳይነካ ይሞታል፤ ለእሱ ሲግናል ተቀባይ ጻፉና በመደበኛው መንገድ እንዲወጣ አድርጉ። በግድ በሚገድለው የ«ኪል -9» ትእዛዝ ሲገደል ማንም ማጽዳት አይችልም።

9. የሚታየውን ርዝመት ለዩ

የፓይተን ርዝመት ቆጣሪ «ሌን» ኮዶቹንም ይቆጥራል። ቀይ የተቀባ ባለ አራት ፊደል ቃል ርዝመቱ 14 ነው የሚባለው። ሠንጠረዥ የሚንጋደደው በዚህ ነው። ከመለካታችሁ በፊት ኮዶቹን በዚህ ሬጉላር ኤክስፕሬሽን (የጽሑፍ ንድፍ መፈለጊያ) አውጡ፦

\033\[[0-?]*[ -/]*[@-~]

የቀለሙንም የከርሰሩንም ትእዛዝ ይይዛል። ቀላሉ መንገድ ግን መጀመሪያ ጽሑፉን በክፍት ቦታ ሞልቶ ኋላ መቀባት ነው።

የግዕዝ ፊደል ተርሚናል ላይ አንድ ቦታ ይይዛል፤ በዩቲኤፍ-8 ግን 3 ባይት ነው። ፓይተን ፊደል ስለሚቆጥር ችግር የለም። ሲ ላይ ግን «ሰላም» 9 ተብሎ ስለሚቆጠር በፕሪንትኤፍ የሞላችሁት ዓምድ ያጥራል። አብዛኞቹ ኢሞጂዎች ደግሞ ሁለት ቦታ ይይዛሉ። ፊደሎቹ ከተደራረቡ ወይም ከተጨፈለቁ የፎንቱን ጉዳይ ፈትሹ እንጂ ኮዱን አትነካኩ።

ዊንዶውስ ላይ

ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ኮንሶሉ ኮዶቹን ያውቃል፤ አሮጌው መስኮት ላይ ግን ማብራት ያስፈልጋል። በእጅ ከማብራት ይልቅ «ኮሎራማ» የተባለውን ላይብረሪ ጫኑና «ጀስት_ፊክስ_ዊንዶውስ_ኮንሶል» የሚለውን ፋንክሽን ፕሮግራሙ ሲነሣ አንዴ ጥሩ። ሊኑክስና ማክ ላይ ምንም ስለማያደርግ መጥራቱ ጉዳት የለውም።

ማስጠንቀቂያ

ከውጭ የመጣ ጽሑፍን፣ የፋይል ስምን ጨምሮ፣ ሳታጣሩ ተርሚናል ላይ አታውጡ። ስም ውስጥ ኢስኬፕ ሊኖር ይችላል። የመስኮቱን ርዕስ ሊቀይር፣ መስመር ሊሰርዝ፣ ተጠቃሚው ማየት ያለበትን ሊሸፍን ይችላል። ከ0 እስከ 31 ያሉትን፣ 127ንና ከ128 እስከ 159 ያሉትን ምልክቶች አውጡ። ታብንና አዲስ መስመርን ከፈለጋችሁ ብቻ ተዉ። 13ን አትርሱት፤ ያለ ምንም ኢስኬፕ የቀደመውን ጽሑፍ መሸፈን ይችላል።

መልእክት በቀለም ብቻ አታስተላልፉ። ቀይና አረንጓዴን መለየት የማይችል ሰው አለ፣ በስክሪን አንባቢ የሚሠራም አለ። «ስህተት» የሚለው ቃል ራሱ ይጻፍ።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

- ከጽሑፉ በኋላ ያለው መስመር ሁሉ ባለ ቀለም ጀርባ ሆነ። የጀርባ ቀለሙን የዘጋችሁት ከአዲስ መስመር በኋላ ነው። ከፊቱ ዝጉት። ጽሑፉ ብዙ መስመር ካለው በየመስመሩ መጨረሻ ዝጉ፣ መጀመሪያው ላይ ክፈቱ።
- «[31» የሚል ጽሑፍ በግልጽ ታየ። ኢስኬፑ አልተላከም። ስትሪንጉ ጥሬ ስትሪንግ («\»ን እንደ ተራ ፊደል የሚወስድ) መሆን አለመሆኑን እዩ፤ ጥሬ ከሆነ «\033» እንደ አራት ተራ ፊደል ነው የሚሄደው።
- ባሽ በተባለው የተርሚናል ትእዛዝ ተቀባይ ላይ ረጅም ትእዛዝ ሲጻፍ መስመሩ በራሱ ላይ ይደረባል። የፕሮምፕቱን (ትእዛዝ ከምትጽፉበት ቦታ በፊት የሚታየውን ጽሑፍ) ቀለም ኮዶች በ«\[» እና በ«\]» መካከል አላስገባችሁም። ባሽ ኮዶቹን እንደሚታይ ፊደል ቆጥሯቸዋል።
- ምን እንደተላከ ማወቅ አቃተኝ። ቀለሙን ሳታጠፉ ውጤቱን ወደ «ካት -ቪ» ላኩት፤ ኢስኬፑ «^[» ሆኖ ይታያል። በደረጃ 4 ምርመራ ምክንያት ኮዱ ስለማይላክ፣ ለሙከራ ምርመራውን የሚያልፍ አማራጭ በላይብረሪው ውስጥ አስቀምጡ።
- ተርሚናሉ ተበላሽቶ የምትጽፉት አይታይም። «ሪሴት» ብላችሁ ጻፉና ኢንተር ተጫኑ። ፊደሎቹ ባይታዩም ትእዛዙ ይሠራል።